የተነገራቸውና የተጻፈባቸው

ስለ ካሪቢያን ሕንዳውያን ታሪክ በስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ በንባብ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

የነቢያት ጾም በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በዚህ ብርድ፣ ከመኪናችሁ ላይ በረዶ ጠርጋችሁ ልትሰሙኝ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አስተባባሪዎቹ «ስለ ምን ትናገርልናለህ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ስለ ጎረቤቶቻችን» ብዬ መለስኩላቸው። ስለ ሶማሌዎች ወይም ስለ ሱዳኖች የምናገር መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ያሰብኳቸው ግድግዳ የሚጋሩንን ነው። እዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል በሊፍት ውስጥ መልኳ የሕንድ፣ እንግሊዝኛዋ የደሴት የሆነች አሮጊት አግኝቶ «ከሕንድ ነዎት?» ያላለ ማን አለ? «አይደለሁም፤ የጉያና ሰው ነኝ» የሚል መልስ ሰምቶ ግራ ያልተጋባስ ማን አለ? እኔ ራሴ ለዓመታት ግራ ሲገባኝ ኖሯል። በደቡብ አሜሪካ ሰሜን ጠረፍ ያለችው ጉያና ከጋና ጋር ተምታታብኝና የአፍሪካን ካርታ ገልጬ የፈለግሁበት ቀን ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሥራዬን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አስተርጓሚ ነኝ። እንጀራዬ በሰው ንግግርና በጸሐፊ ወረቀት መካከል መቆም ነው። ሰው የተነገረው ሌላ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈበት ሌላ ሊሆን እንደሚችል በየሳምንቱ አያለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የዚህ ልዩነት ታሪክ ነው። በሦስት ነጥብ እከፍለዋለሁ፤ እነዚህን ሰዎች ማን አመጣቸው፣ ከመጡ በኋላ ምን ሆኑ፣ ከዚያስ ተነስተው እንዴት የእኛ ጎረቤት ሆኑ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ብሪታንያ በ1833 ባወጣችው ሕግ በቅኝ ግዛቶቿ የነበረውን ባርነት ከኦገስት 1 ቀን 1834 ጀምሮ ሻረች። ሻረች ስላችሁ ግን በማግስቱ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ሰው ሁሉ ወደፈለገበት ሄደ ማለቴ አይደለም። ነፃ ወጡ የተባሉት ሰዎች «ተለማማጅ» የሚል ስም ተሰጥቷቸው እስከ ኦገስት 1 ቀን 1838 ድረስ ለዚያው ለቀድሞ ጌታቸው፣ አብዛኛውን ሰዓት ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ቆዩ። የብሪታንያ መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፈለ። ለማን? ለባሪያዎቹ? አይደለም፤ ለባለቤቶቹ። ካሳ ከተቀበሉት ባለጸጎች አንዱ የሊቨርፑሉ ነጋዴ ጆን ግላድስቶን ነበር። ልጁ ዊልያም ኋላ አራት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ነው። አባትየው ወደ 2,500 ለሚጠጉ ሰዎች ከ100,000 ፓውንድ በላይ ተከፈለው፤ በዚያን ዘመን ይህ የትየለሌ ሀብት ነው።

ይሁን እንጂ ግላድስቶን ሌላ ጭንቀት ነበረበት። ተለማማጆቹ ጊዜያቸውን ሲጨርሱ የዛሬዋ ጉያና ክፍል በሆነችው በደመራራ ያለውን ሸንኮራ አገዳውን ማን ይቆርጥለታል? ስለዚህ በጃኑዋሪ 1836 ጊላንደርስ አርቡትኖት ለተባለ በሕንድ የካልካታ ከተማ ለነበረ የንግድ ቤት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ አገር በውል የሚታሰር ሠራተኛ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። የንግድ ቤቱ የመለሰው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ነው። ሰዎቹን ወደ ካሪቢያን ለመላክ ምንም ችግር እንደማይኖር ገለጸለት። ለምን ችግር አይኖርም? ምክንያቱም፣ ይላል ደብዳቤው፣ እነዚህ ሰዎች ለመሄድ የሚስማሙበትን አገርም ሆነ የጉዞውን ርዝመት ፈጽሞ አያውቁም።

ይህን ሐሳብ እንድትይዙልኝ እለምናችኋለሁ። የሰዎቹ አለማወቅ ሊታረም የሚገባው ችግር ተብሎ አልተጻፈም፤ ለንግዱ እንደሚያመች ነገር ነው የተጻፈው።

በሜይ 5 ቀን 1838 «ዊትቢ» እና «ሄስፐረስ» የተባሉ ሁለት መርከቦች የብሪቲሽ ጉያና የባሕር ጠረፍ ደረሱ። 396 ሰዎች ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ ሠራተኞቹ እንደሚገረፉና እንደሚታሰሩ ወሬው ለንደን ደረሰ፤ የፀረ ባርነት ማኅበረሰቦች ጮኹ፤ ከሕንድ ሰው መላክም ታገደ። እገዳው ግን ጥቂት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ስኳር ትዕግሥት የለውም። በ1845 በሩ እንደገና ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሜይ 10 ቀን «ብለንደል ሃንተር» ጃማይካ ደረሰች፣ ሜይ 30 ቀን «ፋቴል ራዛክ» ከ200 በላይ ሰዎች ይዛ ትሪኒዳድ ደረሰች። ፈረንሳዮች ወደ ማርቲኒክና ወደ ጓድሉፕ አስመጡ። ሆላንዶችም በ1873 «ላላ ሩክ» በተባለች መርከብ ወደ ጉያና ጎረቤት ወደ ሱሪናም ማስመጣት ጀመሩ። ይህ ንግድ እስከ 1917 ሲዘልቅ ወደ ብሪቲሽ ጉያና ብቻ 239,000 ያህል፣ ወደ ትሪኒዳድ 144,000 ያህል፣ ወደ ጃማይካ 36,000 ያህል፣ ወደ ሱሪናም 34,000 ያህል ሰው ተጓጓዘ። የግላድስቶን የልጅ ልጆች በኦገስት 2023 የጉያና ዋና ከተማ ጆርጅታውን ድረስ ሄደው ስለ ባርነቱም ስለ ውል ሠራተኞቹም ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታውን የተቀበለ አለ፤ «ዘግይቷል፣ ከካሳ ጋር ይሁን» ያለም አለ።

ሰዎቹ እንዴት ተሰበሰቡ? በደላላ ነው። አብዛኞቹ ዛሬ ቢሃርና ኡታር ፕራዴሽ ከሚባሉት፣ ቦጅፑሪ ከሚነገርባቸው ወረዳዎች የተነሱ ናቸው፤ ከማድራስ በኩል የመጡ ታሚሎችም ነበሩ። ደላላው «አርካቲ» ይባላል። በገበያ፣ በጣቢያ፣ በመስጊድና በቤተ ጣዖት በር፣ ርሃብ ወይም ዕዳ ያፈናቀለውን ሰው ሲጠብቅ ይውላል። በሂንዲ ስኳር «ቺኒ» ነው። ትሪኒዳድ ውስጥ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የወረደው ተረክ እንደሚለው፣ ደላላው አገሪቱን «ቺኒዳድ» ብሎ ጠራላቸው፤ ሥራውም ቁጭ ብሎ ስኳር መንፋት ነው አላቸው። ስኳር መንፋት! እናቶቼ፣ ዱቄት በወንፊት እንደምትነፉት ማለት ነው። የተነገራቸው ይህ ነው። የጠበቃቸው ገጀራና ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አገዳ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ሁሉም ተታልለው ሄዱ ብሎ መናገር ይቀላል፤ ለሰሚም ይጥማል። ነገር ግን አውቀው የሄዱም ነበሩ። ከባሏ ቤት ያመለጠች፣ ባሏ ሞቶባት በአማቶቿ ቤት እንደ ገረድ የቆጠሯት፣ ካስት ከሚሉት የትውልድ ደረጃው በታች አፍቅሮ መንደሩ ያሳደደው፣ ከ1857ቱ አመፅ በኋላ እንግሊዞች የሚፈልጉት ወታደር፣ አንድ ጊዜ ሄዶ ተመልሶ አገሩ አልመች ቢለው እንደገና የፈረመ። እነዚህን ሁሉ «የተታለሉ ምስኪኖች» ብለን ብንጠቀልላቸው እኛም እንደ ካልካታው የንግድ ቤት አለማወቃቸውን ብቻ ጻፍንባቸው ማለት ነው። የእኛም እህቶች ወደ ዓረብ አገር በኮንትራት ሲሄዱ አንዷ ተታልላ፣ አንዷ ዓይኗን ገልጣ እንደምትሄድ የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም።

በካልካታ ወንዝ ዳር ከነበረው ማቆያ ሲገቡ የሚሞላላቸው ወረቀት አለ። የመርከቡ ስም፣ ቁጥር፣ የሰውዬው ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ካስት፣ አውራጃ፣ የፖሊስ ጣቢያ፣ መንደር፣ ቁመት፣ የአካል ምልክት። ወደዚህ ወረቀት በኋላ እመለሳለሁ። ከዚያ ባሕር። ባሕሩን «ካላ ፓኒ»፣ ጥቁር ውሃ ይሉታል፤ ያንን ውሃ የተሻገረ ሂንዱ ከካስቱ ይወጣል ተብሎ ይታመን ነበር። በሸራ መርከብ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሮ ካሪቢያን ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። በ1856 እና 1857 የጉዞ ወቅት ከካልካታ ከተነሱት ተሳፋሪዎች በአማካይ ከ100ው 17 ያህሉ በኮሌራና በመሰል በሽታ መንገድ ላይ አልቀዋል። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ከላይኛው ካስት ብራህሚኑና ከታችኛው ቆዳ ፋቂው ከአንድ ድስት በሉ። ከዚያ ውስጥ አዲስ ዝምድና ተወለደ፤ አብረው የተሻገሩ ሰዎች «ጃሃጂ ባይ»፣ የመርከብ ወንድም ተባባሉ። ይህ ለወጉ ያህል የተባለ አልነበረም፤ በብዙ ቦታ የመርከብ ወንድማማቾች ልጆች እንደ ሥጋ ዘመድ ተቆጥረው መጋባት ነውር ሆኖባቸዋል። የክርስትና ልጅንና የጡት ልጅን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አይኖርብኝም።

ሁለተኛው ነጥብ፤ ከመጡ በኋላ ምን ሆኑ?

ውሉ አምስት ዓመት ነው። ለጤነኛ ወንድ የቀን ደመወዙ አንድ ሽልንግ ነው፤ ለሴት ከዚያም ያንሳል። የሚያድሩት የቀድሞ ባሪያዎች ይኖሩባቸው በነበሩ ረጃጅም የእንጨት ቤቶች ነው፤ ጉያናዎች «ሎጂ» ይሏቸዋል። ከእርሻው ክልል ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ውል ማፍረስ በፍትሐ ብሔር የሚታይ ጉዳይ አልነበረም፤ ወንጀል ነበር። ከሥራ የቀረ ሰው ዳኛ ፊት ይቆማል፣ ይቀጣል፣ ይታሰራል። ሰውየው ባሪያ ነው? አይደለም፤ ደመወዝ አለው፣ የሚያልቅ ጊዜ አለው። ነፃ ነው? ነፃ ሰው አንድ ቀን ቢታመም ወህኒ ይወርዳል?

ሲቃወሙ ተተኮሰባቸው። በኦክቶበር 1884 በትሪኒዳድ ሳን ፈርናንዶ ከተማ የሙሐረምን በዓል፣ እነርሱ «ሆሴ» የሚሉትን፣ ሙስሊሙም ሂንዱውም አብሮ ሲያከብር ሰልፉ ከተማ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበርና፣ ፖሊስ ተኩሶ ቢያንስ 22 ሰው ገደለ። በማርች 1913 በጉያና ሮዝ ሆል እርሻ 15 ሰው ተገደለ። በሕንድ ጋንዲ፣ ጎክሌና ማላቪያ የተባሉ መሪዎች ያካሄዱት ትግል ተጨምሮበት ምልመላው በ1917 ቆመ፤ የቀሩት ውሎችም በጃኑዋሪ 1 ቀን 1920 ተሰረዙ።

አሁን ስለ ስም ልናገር፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይባችሁ ይቅር በሉኝ።

እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ፎርም የሞላልኝ ሠራተኛ የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አደረገው። ታናሽ ወንድሜ ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ አገር በኩል ሲመጣ ሌላ ሠራተኛ የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም አደረገለት። በአንድ አፓርታማ ስንኖር፣ በአንድ የፖስታ ሣጥን ደብዳቤ ስንቀበል፣ ወንድማማቾች መሆናችንን ለማስረዳት የእናታችንን ፎቶ የያዝንበት ቀን ነበር። ከእናንተ መካከል እጅ አውጡ ብል ግማሹ አዳራሽ ያወጣል። ይህን ለጎረቤቴ፣ አሁን ስለ እርሷ እነግራችኋለሁ፣ ሳጫውታት ሳቀች፤ ሳቋ ግን የመገረም አልነበረም። በሕንድ ገጠር የነበረው ልማድ ከእኛ ብዙ አይርቅም ነበር። ሰው በአንድ ስሙ ይጠራል፤ የማን ልጅ ነህ ሲሉት አባቱን ይጠራል። የእንግሊዝ ሕግ ግን የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ ጸሐፊ የአንድን ገበሬ የግል ስም፣ ጆሮው እንደሰማለት አጣሞ ጻፈው፤ ያ ስም ዛሬ በኒው ዮርክ፣ በለንደንና በቶሮንቶ የሺዎች ቤተሰብ ስም ነው። የአንድ አባት ልጆችም የተለያየ ስም ይዘው ቀሩ።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። በትሪኒዳድ የሂንዱ ጋብቻ በሕግ የታወቀው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። እስከዚያ ድረስ እሳት ዞረው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ መንደር በልቶና ጠጥቶ የተጋቡ ሰዎች ልጅ በመዝገብ «ዲቃላ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። አስቡት፤ እናትህ በድል ያለ ሰርግ ተድራ ወረቀቱ አንተን ዲቃላ ሲልህ።

የቤተ እምነት ነገር ከተነሳ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሲውዳስ ሳዱ ይባላል፤ በሕንድ ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ትሪኒዳድ የመጣ የአገዳ ሠራተኛ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ዋተርሉ በተባለ ባሕር ዳር በስኳር ኩባንያው መሬት ላይ ትንሽ ቤተ መቅደስ ሠራ። አፍርስ ተባለ፤ አላፈርስም አለ። በ1952 ለ14 ቀን ታሰረ፣ ተቀጣ፣ ቤተ መቅደሱም ፈረሰ። ከእስር ሲወጣ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? መሬቱ ባለቤት ካለው ባሕሩ የለውም ብሎ ወደ ባሕሩ ገባ። በብስክሌት ድንጋይና ሲሚንቶ እያመላለሰ፣ ማዕበሉ ሲሸሽ በርሜል እየደረደረ፣ በርሜሉ ውስጥ ኮንክሪት እየሞላ፣ መንገድም ደሴትም አበጀ። እስኪሞት ድረስ ሠራው። እኔ ከስድስት ዓመት በፊት ሄጄ አይቼዋለሁ። የሄድኩት ውሃው በሸሸበት ሰዓት ነበር፤ ዙሪያው ጭቃ ነው፣ ጭቃው ላይ ነጫጭ ወፎች ይለቅማሉ፣ ከጎኑ አስከሬን የሚቃጠልበት ቦታ ስላለ የጭስና የጨው ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣል። ቀርከሃ ላይ የተሰቀሉ ቀይና ቢጫ ጨርቆች በንፋስ ይማታሉ። አሁን የቆመው ሕንፃ በ1995 መንግሥት ያሳደሰው ነው። ያሰረውም ያሳደሰውም መንግሥት ነው፤ መካከል ላይ ነፃነት መጥቶ ነበር።

ወደ አገራቸው የተመለሱ አልነበሩም? ነበሩ፤ ከጉያና ወደ 75,000 የሚጠጉ ተመልሰዋል። ትሪኒዳድ ደግሞ ከ1869 ጀምሮ የመመለሻ መብቱን ለተወ ሰው መሬት መስጠት ስለጀመረ ብዙው መሬቱን መርጦ ቀረ። ከተመለሱት አንዳንዶቹ ግን መንደራቸው ሲደርሱ ጥቁር ውሃ ተሻግራችኋል ተብለው በር ተዘጋባቸው። በ1920ዎቹ ካልካታ ማቲያብሩዝ በተባለ ሰፈር፣ ከመርከብ ወደቡ አጠገብ፣ ተመልሰው የመጡ ሰዎች በድህነት ተፋፍገው «ወደ ጉያና መልሱን፣ ወደ ትሪኒዳድ መልሱን» ብለው ይለምኑ ነበር። አገር ናፍቆ ተመልሶ ከዚያ ስደቱን የናፈቀ ሰው ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ዝም ማለት ይሻለኛል።

ሦስተኛው ነጥብ እንዴት የእኛ ጎረቤት ሆኑ የሚለው ነው። ፖለቲካ ስላለበት አሳጥረዋለሁ፤ የእኛ ፖለቲካ ይበቃናል።

የእርሻ ባለቤቶቹ ሕንዳውያኑን ያስመጡት ነፃ የወጡት አፍሪካውያን የጠየቁትን ደመወዝ ለመስበር ጭምር ነበር። የማስመጫውም ወጪ በከፊል የተከፈለው ከሕዝብ ቀረጥ፣ ማለትም ከእነዚያው ከቀድሞ ባሪያዎች ኪስ ነው። ቂሙ የተዘራው ያኔ ነው። በጁን 1948 ኤንሞር በተባለ የጉያና እርሻ አምስት የስኳር ሠራተኞች በፖሊስ ጥይት ሲወድቁ፣ ቼዲ ጄገን የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም፣ የፖርት ሙራንት አገዳ ሠራተኞች ልጅ፣ ሠራተኛውን አስተባብሮ ተነሳ። መጀመሪያ ላይ ከጥቁሩ የሕግ ሰው ከፎርብስ በርንሃም ጋር በአንድ ፓርቲ ነበሩ። በ1953 ሁሉም አዋቂ የመረጠበትን የመጀመሪያ ምርጫ አሸነፉ። ለ133 ቀን ብቻ ገዙ፤ የቸርችል መንግሥት ወታደር ልኮ ሕገ መንግሥቱን አገደ። ከዚያ ሁለቱ ተለያዩ፣ ሕዝቡም በዘር ተከፈለ፣ ከ1962 እስከ 1964 ጎረቤት ጎረቤቱን ገደለ። ሁለቱም ወገን ገዳይም ሟችም ነበረው። አሜሪካና ብሪታንያ ጄገንን በኮሚኒስትነት ስለጠረጠሩት የምርጫው ሥርዓት ተለወጠ፤ በርንሃም ሥልጣን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ለይስሙላ ነበር። ጄገን ፕሬዚዳንት የሆነው በ1992፣ በ74 ዓመቱ ነው።

ጎረቤቴ የተሰደደችው በዚህ መካከል ነው። ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፏል፤ ከኮረንታይን ወንዝ በኩል የሩዝ ገበሬ ልጅ ናት። ፎቃችን ላይ ያለ ሰው ሁሉ «አንቲ» ይላታል፤ በእነርሱ ወግ ታላቅን ሴት በስሟ መጥራት ነውር ነው። ለምን እንደወጣች ስጠይቃት ዘር አልጠቀሰችልኝም፣ ምርጫም አልጠቀሰችልኝም። «ዱቄት» አለችኝ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የውጭ ምንዛሪ ያለቀበት መንግሥት የስንዴ ዱቄት እንዳይገባ ከለከለ። ሕዝቡ የሩዝ ዱቄት ይብላ ተባለ። ሮቲ የሚሉት ቂጣቸው ደግሞ በሩዝ ዱቄት አይሆንም፤ እንጀራን በሩዝ ብቻ ለመጋገር የሞከራችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ። ስንዴ በኮንትሮባንድ ከሱሪናም በጀልባ እየገባ፣ የተገኘበት ሰው እየተከሰሰ ይታሰር ነበር። እርሷ ለልጇ ሰርግ የሰበሰበችውን ሁለት ከረጢት ዱቄት በሕፃን ፍራሽ ውስጥ ሰፍታ ደበቀችው። ፖሊስ ቤቱን ሲፈትሽ ሕፃኑ ፍራሹ ላይ ተኝቶ ነበር። «ሮቲ ወንጀል በሆነበት አገር ምን እሠራለሁ?» አለችኝ። በ1984 ወደ ካናዳ መጣች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከጉያናም ከትሪኒዳድም ወደዚህ ከተማ ጎረፉ። ኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ሪችመንድ ሂል ብትሄዱ ሊበርቲ አቬኑ ከዳር እስከ ዳር የእነርሱ ነው፤ በ2021 የመንገዱ አንድ ክፍል «ሊትል ጉያና» የሚል ተጨማሪ ስም ተሰጥቶታል። ሱሪናም በኖቬምበር 1975 ነፃ ስትወጣ ከሕዝቧ ሲሶ ያህሉ በነፃነቱ ዋዜማና ማግስት ወደ ሆላንድ ሄደ፤ ዛሬ ዘ ሄግ ከተማ ሳርናሚ የሚባለው የሕንድ ቋንቋቸው ይሰማል። በጉያናና በትሪኒዳድ ግን ቦጅፑሪው ከአያቶች ጋር ሞተ ማለት ይቻላል። የቀረው በዘፈን፣ በጸሎትና በማጀት ነው። የሮቲ ምጣዱ «ታዋ» ነው፤ ክኩ «ዳል» ነው፤ የአባት አባት «አጃ»፣ የእናት አባት «ናና» ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛንም የሚነካ ነው። ጃማይካ የሄዱት ሕንዳውያን ጥቂት ነበሩ፤ ነገር ግን «ጋንጃ» የሚለውን ቃልና ተክሉን ያስገቡት እነርሱ ናቸው። የራስታፈሪያን እምነት ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሌናርድ ሃውል ለራሱ ያወጣው ስም «ጋንጉንጉሩ ማራግ» ነበር፤ ጉሩና ማሃራጅ የሚሉት የሕንድ ቃላት በውስጡ አሉ። ይኸው ሰው በ1933 የጃንሆይን ፎቶግራፍ፣ ወደ ኢትዮጵያ መግቢያ ፓስፖርት ይሆናል እያለ በአንድ ሽልንግ ይሸጥ ነበር። አንድ ሽልንግ! የአገዳ ሠራተኛው የሙሉ ቀን ድካም። ጃንሆይ በኤፕሪል 1966 ትሪኒዳድንና ጃማይካን ሲጎበኙ ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ የወጣውን ሕዝብ ፊልም አይታችኋል። እኛ ስለ ሻሸመኔ ጃማይካውያን ስናወራ ሕንድ ትዝ ብሎን አያውቅም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስና ልጨርስ።

ባለፈው ሐምሌ አካባቢ፣ የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር በጁላይ 2025 ትሪኒዳድ ላይ ከሕንድ ለተነሱ ትሪኒዳዳውያን እስከ ስድስተኛው ትውልድ የባሕር ማዶ ዜግነት ካርድ እንደሚሰጣቸው ካስታወቁ በኋላ፣ አንቲ በሬን አንኳኳች። ጉያናዊት ናትና አዋጁ በቀጥታ እርሷን አይመለከትም፤ ነገር ግን ወሬው በፎቁ ሁሉ ወረቀት አስፈልጓል። ከጆርጅታውን ቤተ መዛግብት የመጣ የአያቷን የመርከብ ወረቀት ግልባጭ ይዛለች። «አንተ ወረቀት አንባቢ ነህ፤ ምን እንደሚል ንገረኝ» አለችኝ። መነጽሯን ጠርጋ ከጎኔ ተቀመጠች። ዓመቱ 1908። ዕድሜ 22። ቁመት አምስት ጫማ ከሦስት ኢንች። የአካል ምልክት፣ በግራ ቅልጥም ላይ ጠባሳ። «አዎን» አለች፤ «በልጅነቴ እዚያ ላይ ዘይት እቀባው ነበር።» መንደሩ የተጻፈበት ቦታ ላይ ግን ቀለሙ ፈስሷል፤ የሚነበበው ስም እርሷ ከአያቷ አፍ ከሰማችው ጋር አይገጥምም። የአያቷም ስም አንድ ፊደል ተሳስቷል። እኔ እንደ ሥራዬ ልማድ ስህተቱን ለማረም የሚቀርበው ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ማስረዳት ጀመርኩ። አስቆመችኝ። የልጅ ልጇ ሚስት በኅዳር ትወልዳለች፤ ልጁ ወንድ ከሆነ ስሙ ይኸው ነው አለችኝ። በትክክለኛው ፊደል ወይስ ጸሐፊው እንደጻፈው? ጠየቅኳት። ጣቷን በተሳሳተው ፊደል ላይ አሳርፋ፣ «ባሕሩን የተሻገረው በዚህ ነው» አለችኝ።

ልጁ ከሁለት ሳምንት በፊት ተወልዷል፤ ወንድ ነው። ስሙን ግን አልነግራችሁም፤ የእነርሱ ነው።

ዛሬ የት እንደምሄድ ስነግራት ባዶ እጅህን አትሄድም ብላ ጠዋት ስትጋግር ነበር። ኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ የተሸፈነው ዳል ፑሪ ነው፤ በመካከሉ የተፈጨ ክክ ያለበት ቂጣ በሉት። ቅቤ የለበትም፤ ስለ ጾሙ አስረድቻት በዘይት ነው የጋገረችው። እየበላችሁ ጥያቄያችሁን ጠይቁኝ። አመሰግናለሁ።